የሩቅ ጋላክሲ ቅርፅና ድምቀት እንዴት ይለካል?

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ፣ ከአሶሳ ከተማ መብራት ወጣ ብሎ የቆመ ሰው ቀና ቢል ከአናቱ ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ያለ ትልቅ አራት ማዕዘን ያያል። በአራቱም ጥግ አንዳንድ ኮከብ ቆሟል። ወቅቱ ለሰማይ ተመልካች የተመቸ ነው፤ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ ሄዷል፣ የበጋው የሰደድ እሳት ጭስ ደግሞ ገና አልመጣም። ከአራቱ ኮከቦች በደቡብ ምሥራቅ ጥግ ያለውን ይዞ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ሁለት ጣት ያህል ወደ ምሥራቅ ጥቂትም ወደ ሰሜን ቢሻገር በሀገራችን የኮከብ ቆጠራ መጻሕፍት ሑት ከሚባለው ክፍል ይደርሳል። እዚያ ቦታ ላይ ዓይን የሚይዘው ነገር የለም። ጨለማ ነው።

በዚያ ጨለማ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች በስበት ተሳስረው ይኖራሉ። ክምችቱ በስዊዘርላንዳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ በፍሪትዝ ዝዊኪ ስም ይጠራል፤ ከስሙ ቀጥሎ 0024+1652 የሚል ቁጥር አለው። ቁጥሩ የሰማይ አድራሻ ነው። የመጀመሪያው ክፍል 0 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ማለት ሲሆን የምሥራቅና የምዕራብ ልኩን ይነግራል፤ ሁለተኛው ከሰማይ ወገብ በስተሰሜን 16 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ላይ መሆኑን ያመለክታል። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዝዊኪ 0024 እያልኩ እጠራዋለሁ።

ስለዚህ ክምችት የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘለቀ ቤዮሮ አማዶ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት ካስተማረችውና ወጣት ተመራማሪዎችን ካማከረችው ከሰርቢያዊቷ የሥነ ፈለክ ባለሙያ ከሚርያና ፖቪች እና ከሌሎች ባልደረቦች ጋር ሆኖ፣ የዝዊኪ 0024ን ጋላክሲዎች በቅርፃቸው የለየ ጥናት በእንግሊዝ የንጉሣዊው ሥነ ፈለክ ማኅበር ወርኃዊ መጽሔት ላይ አሳተመ። የሥራው መነሻ ሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሳውና ለሁሉም ክፍት የሆነ ምስል ነው። ሥራው የተሠራበት መንገድ ፊዚክስ ለማያውቅ ሰውም ቢሆን በደንብ ከተነገረው የሚገባ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ለማስረዳት ነው የተነሳሁት።

ከመነሻው እንጀምር። ጋላክሲ ማለት በቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት፣ ጋዝና አቧራ በስበት ተይዘው የሚኖሩበት ስብስብ ነው። የእኛው ፍኖተ ሐሊብ ነው፤ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር ብርሃን እንኳ 100,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ይህ ርቀት 100,000 የብርሃን ዓመት ይባላል። ጋላክሲዎች በብዛት ብቻቸውን አይኖሩም። ጥቂቶቹ በትንንሽ ቡድን ይሆናሉ፤ ሌሎቹ በመቶና በሺ ሆነው ይሰበሰባሉ፤ ይህ ትልቁ ስብስብ ክምችት ወይም ክላስተር ይባላል።

ከዝዊኪ 0024 ተነስቶ ዛሬ ማታ አሶሳ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ጉዞውን የጀመረው ከ4.3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያን ጊዜ ምድራችን ራሷ ገና ጨቅላ ነበረች። ወርቅና እብነ በረድ የሚወጣባቸው የቤኒሻንጉል አለቶች በጣም ያረጁ ናቸው ሲባል እንሰማለን፤ እውነትም ያረጁ ናቸው። ሆኖም አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከ1 ቢሊዮን ዓመት ያነሰ ነው። ብርሃኑ ሲነሳ እነዚያ አለቶች አልነበሩም፤ የሚያርፍበት ምድር የተሠራው እሱ መንገድ ላይ እያለ ነው። ስለዚህ የምናየው የጋላክሲዎቹን የዛሬ ገጽ ሳይሆን የድሮ ገጻቸውን ነው፤ ለመመራመር የሚያጓጓውም ይኸው ነው። ቅርብ ያሉትን ጋላክሲዎች ከእነዚህ ጋር አስተያይቶ በአራት ቢሊዮን ዓመት ውስጥ ምን እንደተለወጠ መጠየቅ ይቻላል።

ለመጠየቅ ግን መለካት ያስፈልጋል፤ የሚለካው ደግሞ እጅግ ትንሽ ነው። ዘለቀና ባልደረቦቹ ከክምችቱ መሀል እስከ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ድረስ ያሉትን ጋላክሲዎች ነው የለዩት። ይህ ሁሉ ስፋት ከዳር እስከ ዳር ሲለካ ሰማይ ላይ ከሙሉ ጨረቃ አንድ አምስተኛውን ብቻ ይይዛል። በውስጡ የእኛን ፍኖተ ሐሊብ የሚያህል ጋላክሲ ቢኖር 6 የቅስት ሰከንድ ገደማ ብቻ ይሆናል፤ የቅስት ሰከንድ ማለት የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። ከምድር ላይ ስናይ አየሩ ብርሃኑን ያንቀጠቅጠዋል፤ በጥሩ ሌሊት እንኳ ማንኛውም ነጥብ አንድ የቅስት ሰከንድ ያህል ይደበዝዛል። በዚህ ክምችት ርቀት ያ ብዥታ 17,000 የብርሃን ዓመት ስፋት ይሸፍናል። የጋላክሲው ጥምዝ ክንዶች፣ መሀሉ ላይ ያለው እብጠት፣ አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱባቸው ፍሞች ሁሉ ተደባልቀው አንድ ጭጋግ ይሆናሉ። ሐብል 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከአየር ውጭ ስለሚዞር ከዚህ አሥር እጥፍ ገደማ አጥርቶ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተገጠመለት ካሜራ እያንዳንዱ ፒክስል የሚሸፍነው 0.05 የቅስት ሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ፍኖተ ሐሊብን የሚያህል ጋላክሲ በምስሉ ላይ ከ100 በላይ ፒክስል ስፋት ያገኛል። ለመለካት ይበቃል።

ድምቀቱን እንለካ። የቴሌስኮፕ ምስል ስናየው ፎቶ ቢመስልም ኮምፒውተር ውስጥ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው፤ በእያንዳንዱ ፒክስል ምን ያህል ብርሃን እንደገባ ይመዘግባል። የአንድን ጋላክሲ ድምቀት ለማወቅ ዙሪያውን ክብ አሥምሮ በውስጡ ያሉትን ቁጥሮች መደመር ነው። ቀላል ይመስላል። አስቸጋሪው ነገር ሰማዩ ራሱ ባዶ አለመሆኑ ነው። ሐብል ባለበት ከፍታም ቢሆን በፕላኔቶች መካከል ያለው አቧራ የፀሐይን ብርሃን እየበተነ ደካማ ወገግታ ይፈጥራል።

በሸርቆሌና በኩርሙክ በኩል ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ያገኙትን ይዘው ሲመጡ ገዢው ያንን ደቃቅ ወርቅ ከነዕቃው ሚዛን ላይ ቢያስቀምጠውና የዕቃውን ክብደት ባይቀንስ ምን ይሆናል? ወርቁ ብዙ ከሆነ ስህተቱ ያን ያህል አይታወቅም። የስንዴ ቅንጣት የሚያህል ከሆነ ግን የተመዘነው በአብዛኛው ዕቃው ነው። የሩቅ ጋላክሲ ዳርቻም እንደዚሁ ነው። በጋላክሲው መሀል ብርሃኑ ከሰማዩ ይበልጣል፤ ወደ ዳር ሲወጡ ግን ጋላክሲው ከሰማዩ መቶኛ ክፍል የሚያንስ ብርሃን ብቻ ይጨምራል። የሰማዩን ወገግታ በመቶ አንድ እንኳ አሳስቶ የቀነሰ ሰው የጋላክሲውን ዳር ቆርጦ ይጥላል፣ ወይም የሌለ ዳር ይፈጥርለታል። ስለዚህ ባለሙያው በጋላክሲው አካባቢ ምንም ነገር የሌለባቸውን ፒክስሎች እየፈለገ ሰማዩን አስቀድሞ ይመዝናል። ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው ብል አላጋነንኩም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

የተደመረው ቁጥር ማግኒቲዩድ ወደሚባል ደረጃ ይቀየራል። ይህ ደረጃ ከጥንት ግሪኮች የወረስነው ሆኖ ቁጥሩ ሲጨምር ድምቀቱ ይቀንሳል። አምስት ደረጃ መውረድ መቶ ጊዜ መደብዘዝ ነው። ጤናማ ዓይን በጨለማ ቦታ ደረጃ 6 ድረስ ያያል። በዝዊኪ 0024 ውስጥ ደረጃ 20 አካባቢ የሆነ ጋላክሲ ዓይን ሊያይ ከሚችለው ከመጨረሻው ደካማ ኮከብ 400,000 ጊዜ ገደማ ይደበዝዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን አንድ ልዩነት ላንሳ። የአንድ ነገር ጠቅላላ ብርሃን ሌላ፣ ብርሃኑ በየቦታው ምን ያህል እንደ ጎላ ሌላ ነው፤ ሁለተኛው የገጽ ድምቀት ይባላል። በዚያው በኅዳር ምሽት፣ ከዝዊኪ 0024 ቦታ ተነስቶ ክንዱን ዘርግቶ በጭብጥ እጅ ሁለት ጭብጥ ተኩል ወደ ሰሜን የሚሻገር ሰው አንድሮሜዳን በባዶ ዓይኑ ያገኛል፤ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል። ብርሃኑ ሁሉ ተሰብስቦ ቢቆጠር ከብዙ ኮከቦች የሚተካከል ድምቀት አለው። ሰማይ ላይ ያለው ስፋት ግን ከሙሉ ጨረቃ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ያ ብርሃን በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ ስለ ተሰጣ ዓይናችን የሚያየው መሀሉን ብቻ ነው፤ ጣት የነካው የብርሃን እድፍ ይመስላል። አንድ ኪሎ ጤፍ አንድ ቦታ ሲከመርና በሰፊ ሰሌን ላይ ሲሰጣ እንደሚለየው ማለት ነው። ጤፉ ያው ነው፤ ስስነቱ ግን ሌላ ነው።

ይህ ስስነት በሩቅ ጋላክሲዎች ላይ ይብሳል። ዩኒቨርስ እየሰፋ ስለሆነ ብርሃኑ በመንገድ ላይ ሳለ ሞገዱ ይለጠጣል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል፤ የብርሃን ቅንጣቶቹ እየተራራቁ ይደርሳሉ፤ የጋላክሲው ምስልም ከሚጠበቀው በላይ ሰፋ ብሎ ይታያል። ለዝዊኪ 0024 ልጠቱ 1.395 ነው። ሦስቱ ምክንያቶች ሲደማመሩ የገጹ ድምቀት በዚህ ቁጥር አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ይካፈላል፤ ውጤቱ 3.8 ገደማ ነው። አንድ ጋላክሲ አጠገባችን ሆኖ ቢታይ ከሚኖረው የገጽ ድምቀት ሩብ ያህሉ ብቻ ይደርሰናል ማለት ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው ስሱ ክፍል ነው፤ ክንዶቹና ዳርቻው። ባለ ክንድ ጋላክሲ ሩቅ ሲሆን ክንዱን ያጣና ክብ መስሎ ይታያል። ይህን ያላወቀ ሰው «በድሮ ዘመን ክብ ጋላክሲዎች ይበዙ ነበር» ብሎ ይደመድማል፤ የሚያየው ግን የራሱን መሣሪያ ድክመት ነው።

ቅርፅ በዓይን ሊለይ ይችላል፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም እንዲያ ነው የተሠራው። ኤድዊን ሐብል እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጋላክሲዎችን ሞላላ እና ጥምዝ ክንድ ያላቸው እያለ ከፋፈለ፤ ዛሬም ስያሜው ከእሱ የመጣ ነው። ሆኖም ዓይን ይደክማል፣ ሁለት ሰውም አንድ ጭጋግ አይቶ ሁለት መልስ ይሰጣል። በዚያ ላይ የምስሉ ብዛት ለሰው ዓይን ከአቅም በላይ ሆኗል። ስለዚህ ቅርፅን በቁጥር መግለጫ መንገዶች ተፈለጉ። ሦስቱን ላሳይ፤ ሦስቱም ቤት ውስጥ በምናውቀው ነገር ይገባሉ።

አንደኛው ጥቅጥቅነት ነው። ቡና ሊፈላ ምድጃው ላይ ፍም ሲደረግ መሀል ላይ ሊከመር ይችላል፤ ወይም እስከ ጠርዙ ሊበተን ይችላል። ከጋላክሲው መሀል ተነስቶ ከጠቅላላ ብርሃኑ 20 በመቶውን የሚይዝ ክብ ይሠመራል፤ ከዚያ 80 በመቶውን የሚይዝ ሌላ ክብ። ሁለተኛው ክብ ከመጀመሪያው ስንት ጊዜ ይሰፋል? ልክ እንደ ሰሐን ጠፍጣፋ የሆነ ጋላክሲ ላይ፣ በንድፍ ደረጃ ሲሰላ፣ 3 ተኩል ጊዜ ገደማ ነው። ሞላላ ጋላክሲ ላይ ከ10 ጊዜ ያልፋል፤ ምክንያቱም ብርሃኑ መሀል ላይ ታጭቆ፣ ቀሪው ደግሞ ረጅም ስስ ጭራ ሆኖ ወደ ውጭ ስለሚወጣ። የጋላክሲውን ምንነት ሳናውቅ ሁለት ክብ ብቻ በማሥመር ብዙ ነገር አወቅን።

ሁለተኛው ሚዛናዊነት ነው። አገልግል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ግማሽ ዙር ቢያዞሩት ያው አገልግል ነው። አንድ የአሶሳ ማንጎ ግን አፍንጫው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስለሆነ ዞሮ ሲቀመጥ ከድሮው ቅርፁ ጋር አይገጥምም። በኮምፒውተር የጋላክሲው ምስል ግማሽ ዙር ይዞርና ከመጀመሪያው ምስል ላይ ይቀነሳል። ምንም ካልተረፈ ጋላክሲው ሚዛናዊ ነው። ብዙ ከተረፈ ወይ አዳዲስ ከዋክብት በአንድ ጎን በዝተዋል፣ ወይ ከሌላ ጋላክሲ ጋር ተጋጭቷል።

ሦስተኛውን ከኢኮኖሚ ባለሙያዎች ነው የተዋሱት። ኮራዶ ጂኒ የሚባል ጣሊያናዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ በአንድ ሀገር ሀብት በሰዎች መካከል ምን ያህል እኩል እንደተከፋፈለ የሚለካ ቁጥር ሠርቶ ነበር፤ ዛሬም ስለ ገቢ ልዩነት ሲወራ ይጠቀሳል። ሁሉም እኩል ካለው ቁጥሩ 0፣ ሁሉንም አንድ ሰው ከያዘው 1 ይሆናል። ሰዎቹን በፒክስል፣ ሀብቱን በብርሃን እንተካ። ብርሃኑ በጥቂት ፒክስሎች እጅ የገባበት ጋላክሲ ከፍ ያለ ቁጥር ያገኛል። የሚያምረው ነገር ይህ ቁጥር የጋላክሲው መሀል የት እንደሆነ እንኳ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ለተበጣጠሰ ጋላክሲ መሀሉን መፈለግ ራሱ ጣጣ ነውና።

ሌላም መንገድ አለ፤ የብርሃኑን አወራረድ ከመሀል ወደ ዳር በአንድ ቀመር መግጠም። ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1963 ያቀረበው አርጀንቲናዊው ሆሴ ሉዊስ ሴርሲክ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ይለወጣል፤ 1 ሲሆን ሰሐን መሰል ጋላክሲ፣ 4 ሲሆን ሞላላ ጋላክሲ ይገልጻል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንመለስ፤ ከሁሉ በላይ ደስ የሚለኝ መፍትሔው ነው። ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ ሩቅ ኮረብታ የሚያይ ሰው የትኛው ጥላ ማንጎ፣ የትኛው የሽመል ቁጥቋጦ እንደሆነ ይለያል? አጠገቡ ከሆነ ሕፃንም አይሳሳትም፤ ማንጎው ክብና ድፍን ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ሽመሉ ከሥሩ ጠብቦ ወደ ላይ እየተበተነ ይወጣል። ሩቅ ሲሆን ግን ቅጠል ከቅጠል፣ ቀንበጥ ከቀንበጥ አይለይም፤ በአየሩ ጉምና ጭስ ቀለሙም ይገረጣል። በቅርብ ያወቅነውን መለያ ይዘን ሩቁን ብንፈርድ እንሳሳታለን። ታዲያ ብልኅ ሰው ምን ያደርጋል? አጠገቡ ያለውን፣ ማንጎ መሆኑን በእርግጠኝነት የሚያውቀውን ዛፍ ፎቶ ያነሳል። ፎቶውን ሩቁ ዛፍ የሚያህል እስኪሆን ያሳንሰዋል፣ እንደ ሩቁ ያገረጣዋል፣ ጉሙን ይጨምርበታል፣ ከዚያ በዚያው በኮረብታው ፎቶ ውስጥ ይተክለዋል። ሽመሉንም እንዲሁ። ብዙ እንዲህ ያለ ዛፍ ከተከለ በኋላ ማንጎ ከሩቅ ምን እንደሚመስል ያውቃል። አሁን ኮረብታው ላይ ያሉትን እውነተኛ ዛፎች መለየት ይችላል።

የዝዊኪ 0024 ጥናት የተጠቀመበት ፕሮግራም የሚሠራው በትክክል እንዲህ ነው። ጋል ኤስ ቪ ኤም ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በማርክ ዌርታስ ኮምፓኒና በባልደረቦቹ የቀረበ ነው። ቅርብ የሆኑ፣ ቅርፃቸው በባለሙያ ዓይን የታወቀ ጋላክሲዎች ይወሰዳሉ፤ በሩቁ ክምችት ቦታ ቢሆኑ ኖሮ ሊመስሉ በሚችሉት መጠን እንዲያንሱና እንዲደበዝዙ ይደረጋሉ፤ ከዚያ እውነተኛው የሐብል ምስል ውስጥ ይጣላሉ፣ ከምስሉ ሰማይና ከምስሉ ግርግር ጋር። እዚያው ውስጥ ሆነው ጥቅጥቅነታቸው፣ ሚዛናዊነታቸው፣ የጂኒ ቁጥራቸውና ሌሎችም ይለካሉ። ኮምፒውተሩ ከእነዚህ ይማራል፤ በብዙ ቁጥሮች በተሠራ ሰፊ ሜዳ ላይ በሞላሎቹና በባለ ክንዶቹ መካከል ወሰን ያበጃል። ከዚያ ማንነታቸው ያልታወቀ የክምችቱ አባላት ሲቀርቡለት ለእያንዳንዱ «ይህ የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል ነው» ይላል። እርግጠኛ ያልሆነበትን አልለየሁም ይላል። ይህን ልማድ እወደዋለሁ፤ ለሩቁ ነገር ፍርድ ከመስጠት በፊት ቅርቡን በሩቁ ቦታ አስቀምጦ ማየት ትልቅ ጥንቃቄ ነው።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። በዚያ አቅጣጫ የሚታይ ጋላክሲ ሁሉ የክምችቱ አባል መሆኑ በምን ይታወቃል? ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለ ሌላ ጋላክሲ ሊሆን ይችላል። መልሱ ያ የብርሃን ልጠት ነው። ሃይድሮጂን አዳዲስ ከዋክብት አጠገብ ሲሞቅ 656 ናኖሜትር ላይ ቀይ ብርሃን ይሰጣል። በ1.395 ሲባዛ 915 ገደማ ይሆናል፤ ዓይናችን ከሚያየው አልፎ ታህታይ ቀይ ውስጥ ይገባል። ይህን ያህል የተለጠጠ ብርሃን ያለው ጋላክሲ የዝዊኪ 0024 ጎረቤት ነው። በካናሪ ደሴቶች፣ ላ ፓልማ ላይ ባለው 10.4 ሜትር መስታወት ባለው ቴሌስኮፕ፣ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ሞገድ እየመረጠ በሚቃኝ ማጣሪያ፣ ይህንኑ ክምችት የሚከታተል ፕሮጀክት አለ። ዘለቀና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት ቀጣይ ሥራ በዚያ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በየትኛው ጋላክሲ ውስጥ ከዋክብት እየተወለዱ፣ በየትኛው ደግሞ መሀል ላይ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ጋዝ እየዋጠ እንደሚያበራ ከብርሃኑ መስመሮች ለመለየት።

ታዲያ ምን ተገኘ? ዝዊኪ 0024 ከዚህ በፊትም ታሪክ ያለው ክምችት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሃርቬይ ቡቸርና ኦገስተስ ኦምለር ሁለት ሩቅ ክምችቶችን መርምረው፣ በአቅራቢያችን ካሉት ክምችቶች ይልቅ ሰማያዊ ጋላክሲዎች በዝተው አገኙ፤ ከሁለቱ አንዱ ይህ ነበር። ሰማያዊ ቀለም ወጣት፣ ሞቃት ከዋክብት አሉ ማለት ነው። በቅርብ ያሉ ክምችቶች መሀል ግን የሚበዙት ቀያይ፣ ከዋክብት መውለድ ያቆሙ ሞላላ ጋላክሲዎች ናቸው። አለን ድሬስለር እ.ኤ.አ. በ1980 እንዳሳየው ጋላክሲዎች በተጨናነቁበት ቦታ ሞላሎቹ ይበዛሉ፤ ሰፋ ባለበት ዳር ባለ ክንዶቹ። በዝዊኪ 0024 ላይ የተደረገውም ልየታ ሞላሎቹ ወደ መሀል እንደሚያመዝኑ ያሳያል። ስለዚህ ከአራት ቢሊዮን ዓመት በፊት መሀሉ ቀድሞ አርጅቶ ነበር፤ ለውጡ የሚካሄደው ከውጭ በሚገቡት ላይ ነው።

የሚለውጣቸው ምንድን ነው? በጋላክሲዎቹ መካከል በሚሊዮን ዲግሪዎች የሚሞቅ ስስ ጋዝ አለ። ጋላክሲ በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ክምችቱ ሲገባ ይህ ጋዝ እንደ ነፋስ ይመታዋል። በሞተር ብስክሌት የሚሄድ ሰው ነጠላ ወደ ኋላ እንደሚነጠቅ የጋላክሲው ጋዝ ይገፈፋል። ጋዝ የሌለው ጋላክሲ ከዋክብት መውለድ አይችልም፤ ቀስ በቀስ ይቀላል፣ ክንዱም ይከስማል። በዚህ ላይ የጎረቤቶች ስበት ይጎትተዋል፣ አንዳንዴም ይዋሃዳሉ። የትኛው ምክንያት የት እንደሚበረታ ገና የሚመረመር ነው፤ ለመመርመርም የእያንዳንዱ ጋላክሲ ቅርፅ፣ ድምቀትና ከመሀል ያለው ርቀት በቁጥር መቀመጥ አለበት።

በዚህ ክምችት ምስል ውስጥ እንግዳ ነገርም አለ። ከክምችቱ ኋላ እጅግ ርቆ ያለ አንድ ሰማያዊ ጋላክሲ ብርሃኑ በክምችቱ ስበት ታጥፎ፣ ተለጥጦ፣ በአምስት ቦታ ተደጋግሞ ይታያል። የሚያጥፈው ክብደት ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ እጅግ ይበልጣል፤ አብዛኛው የማይታይ ጨለማ ቁስ ነው። ቅርፅ ለሚለካ ሰው እነዚያ ቅስቶች የሚያሳስቱ ናቸውና ከአባላቱ ዝርዝር መውጣት አለባቸው።

እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። የተተከሉት በብዙ ሰው ጥረት ነው፤ የአዲስ አበባ መብራት እየሰፋ መጥቶ ግን ሰማዩን ያነጣዋል። በላሊበላ አካባቢ ባሉ ተራሮች ላይ ለትልቅ ቴሌስኮፕ የሚሆን ቦታ የተጠናውም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ቴሌስኮፕ እስኪሠራ ግን መጠበቅ አያስፈልግም፤ የዝዊኪ 0024 ሥራ የሚያሳየኝ ይህን ነው። የሐብል ምስሎች የባለቤትነት ጊዜያቸው ሲያልፍ በነፃ ይወርዳሉ፤ መለኪያ ፕሮግራሞቹም ነፃ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የመጠቀችው የአውሮፓ የጠፈር ቴሌስኮፕ ዩክሊድ እና ቺሊ ውስጥ ያለው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ ደግሞ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ጋላክሲዎችን ይመዘግባሉ። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ የሚማር ልጅ ከዚህ የሚለየው ነገር ቢኖር የኢንተርኔትና የመብራት ጉዳይ፣ አብሮት ቁጭ ብሎ የሚያሳየው ሰውም ጉዳይ ነው። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። አንድ ሰው ሰማይን እንዴት ቀንሶ እንደሚመዝን በመጽሐፍ ሊያነብ ይችላል፤ የሚገባው ግን የተሳሳተውን ሰንጠረዥ አብሮ የሚያይለት ሲያገኝ ነው። ዘለቀ ያገኘውን ዓይነት አማካሪ በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ ማግኘት ቢቻል ብዬ እመኛለሁ።

ቴሌስኮፕም ቢሆን ትንሹ ይበቃል፤ በዚህ ላይ አሶሳ ያላት ዕድል ብዙ ቦታ የለም። ለእኛ በጣም ቅርብ የሆነው ትልቅ ክምችት የኮከብ ቆጠራ መጻሕፍቱ ሰንቡላ በሚሉት ክፍል ውስጥ ያለው ነው፤ 54 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ከሰማይ ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስለሆነና አሶሳ በ10 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ፣ ክምችቱ በየዓመቱ ሚያዝያ መጨረሻ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ በከተማዋ አናት ላይ ያልፋል ማለት ይቻላል። አናት ላይ ያለ ነገር የሚታየው በጣም ስስ በሆነው አየር በኩል ነው። ዝናቡ ካልቀደመ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ያለው ሰው መሀሉ ላይ ያለውን ግዙፍ ሞላላ ጋላክሲ፣ ኤም 87ን፣ ያገኘዋል። ክንድ የለውም፣ ቀለም አይታይበትም። መሀሉ ደመቅ ያለ፣ ወደ ዳር እየሳሳ የሚሄድ ክብ ጭጋግ ነው። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ ጭጋጉ ቀድሞ ያልታየውን ስፋት ይጨምራል። ሁለቱን ክቦች፣ 20 በመቶውንና 80 በመቶውን፣ በሐሳቡ ሊያሠምርበት ይችላል።